በእንግሊዝኛ ፈርም!

ሲያትል ውስጥ አስቤዛዬን ይዤ ከሱቅ ስወጣ አንድ ልጅ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ነዋሪነትህ እዚሁ ከተማ ነው? ትፈርምልኛለህ?» ደንገጥ አልኩ። አገር ቤት ሳለሁ የምፈርመው ለአበል ወይም ስብሰባ መገኘቴ እንዲታወቅ ነበር። ሳያነብ ፈርሞ ጣጣ ውስጥ የገባ ሰውም አውቃለሁ።

ልጁ አስረዳኝ። ለማኅበራዊ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም የሕዝብ ንብረት ሆኖ ለሚከራይ ቤት፣ ገንዘብ ለማግኘት የቀረበ የሕዝብ ሐሳብ ነው። የአንድ ሠራተኛ ክፍያ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ፣ ከሚሊዮኑ በላይ ባለው ክፍያ ላይ አሠሪው 5 በመቶ ግብር ይክፈል ይላል። ፈረምኩ፤ በአማርኛ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የባነንኩት። የመራጭነት መዝገቤ ላይ ያለው ፊርማ የእንግሊዝኛው ነው፤ ምርጫ ቢሮው ደግሞ ያመሳክራል። የእኔዋ ሳትወድቅ አልቀረችም።

የሌላው ሰው ግን በቃ። የሚፈለገው በመጨረሻው የከንቲባ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 10 በመቶ ነው፤ ያኔ ወደ 26 ሺህ ተኩል ፊርማ። ከዚያ ተራው የከተማው ምክር ቤት ነው። ሐሳቡን እንዳለ ሕግ ያደርገዋል፣ ወይም ለሕዝብ ድምፅ ይልከዋል፣ ካልጣመው ደግሞ የራሱን አማራጭ አጠገቡ አስቀምጦ ይልካል። መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መተው ግን የለም።

ይህች «አማራጭ» የምትባለው ነገር ብልጠት አላት። እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ድምፅ አሰጣጥ ዘዴ ሰው ፊርማ አሰባስቦ ያመጣው ሐሳብ በምክር ቤቱ አማራጭ ተሸንፏል። እኔ በፈረምኩበት ሐሳብ ላይም ምክር ቤቱ አዲስ ግብር ሳይጣል ካለው ግብር በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ይመደብ አለ። ጉዳዩም ብዙ ሰው ከሚመርጥበት ከኖቬምበር 2024 ምርጫ አልፎ ለፌብሩዋሪ 2025 ተሻገረ።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ሁለት ጥያቄ አለው። ከሁለቱ አንዱ ሕግ ይሁን ወይስ ሁለቱም ይቅሩ? ቀጥሎ፣ የግድ አንዱ ከሆነስ የቱ ይሻላል? ሁለቱም ይቅሩ ያለ ሰውም ሁለተኛውን መመለስ ይችላል።

«ልጁን አልፈልግም፣ ከተወለደ ግን ስሙን እኔ ላውጣ ማለት ነው?» አለች። ከከተማው ጠበቃ ማብራሪያ የእሷ ይሻላል።

«ሥዕል እንኳን የለውም» አለች ደግሞ። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን አይሁን የተባለበት ሕዝበ ውሳኔ ትዝ አለኝ። እዚያ ወረቀቱ ላይ ጎጆና ሻፌታ የሚባለው የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ዕቃ ነበሩ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌም የመረጠውን ያውቃል። ወረቀቱ እስኪደርስ ነበር ችግሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ የክልሉ ምክር ቤት ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጅ ይላል። የዞኑ ምክር ቤት ሐምሌ 2010 ላይ ጠየቀ። ዓመቱ ሞልቶ አለፈ፣ ሰው ሞተ፤ ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ቀነ ገደቡ ተጽፎ ነበር እኮ።

በእኛ ከተማ የፈራሚዎቹ ሐሳብ ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈ። ያን ማታ ግን ይህን አናውቅም። አጥቁረን ጨረስን፣ ፖስታውን አሸግን፣ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«በእንግሊዝኛ ፈርም!» ብላ ጮኸችብኝ።