የኤሊ ነፃ አውጪዎች

ስለ ጀግኖች ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተዘፍኗል። ስለ አንዶቹ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ምሽቱን ጠብቀው፣ ባልዲ አንጠልጥለው፣ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ሐይቅ ዳር የሚወርዱትን ማለቴ ነው። ባልዲው ውስጥ ኤሊ አለች። ገንዳዋ ጠቧታል። እነሱ ደግሞ ነፃ ሊያወጧት ነው። ሌላው ዝም ቢል እኔ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ጀግንነቱ የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ነው። ያኔ ኤሊዋ ከሳንቲም ብዙም አትበልጥም፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆናት ነው። አረንጓዴ ናት። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት፤ ቀይ ጆሮ የሚሏትም ለዚህ ነው። አንገቷን ብቅ ስታደርግ ልጁ "እማዬ፣ ይቺን!" ይላል። አለቀ። ሻጩ ሾርባ ሳህን የምታህል ገንዳ ያቀርባል፤ አንዲት የፕላስቲክ ዘንባባም ይመርቃል።

"ታድጋለች እንዴ?"

"በገንዳዋ ልክ ነው የምታድገው።"

እንዴት ያለ ሳይንስ ነው! እኛ ሞኞቹ ይህን ሳናውቅ ለልጆቻችን በየዓመቱ ጫማ ስንቀይር ኖርን። ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ ብናሳድራቸው ኖሮ ስንት ወጪ በቀረልን።

(አሜሪካኖች ይህን ደስታ አይወዱም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ ከለከሉ። ሕፃናት ትንንሾቹን ኤሊዎች ሲነካኩ፣ አፋቸውም ውስጥ ሲከቱ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ ይታመማሉ ብለው ነው። ቅናት ሳይሆን አይቀርም።)

ችግሩ፣ ኤሊዋ ይህን የሱቅ ሳይንስ አልተማረችም። ትበላለች፣ ታድጋለች። ሴቷ 25፣ አንዳንዴም 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። በደንብ ከተያዘች 30 ዓመት ብትኖር አይገርምም። ያ "ይቺን!" ያለው ልጅ ሲሞሸር እሷም ከቤተ ዘመድ ጋር ቆማ ፎቶ መነሳት ትችላለች።

አንድ ጎረቤት አለኝ። ከጀግኖቹ አንዱ ነው። የእሱ ገንዳ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር። 20 ሊትር ውሃ ይይዝ ይሆናል። ኤሊ የሚያረቡ ሰዎች የሚከተሉት ልክ አለ፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የቅርፊት ርዝመት 40 ሊትር ገደማ ውሃ ይላሉ። የእሱ ኤሊ 25 ሴንቲ ሜትር ሆናለች። እንግዲህ 400 ሊትር መሆኑ ነው። ጎረቤቴ ይህን ስነግረው ሳቀ። "ኤሊ ነው ያለኝ ወይስ ጉማሬ?"

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየኋት። አፍንጫዋ አንዱን መስታወት፣ ጭራዋ ሌላውን ይነካል። መዞር ስትፈልግ እንደ ጀማሪ ሹፌር ነው፤ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት። ቅርፊቷ መስታወቱን ኳ ያደርገዋል። ዘንባባዋ ከሥሯ ተነቅላ ጀርባዋ ላይ ተጋድማለች። ውሃው ሻይ መስሏል። ቀጥላ በፊተኛ እግሮቿ መስታወቱን መቧጠጥ ጀመረች። ሳታቋርጥ።

"አየሃት? እየደነሰች ነው" አለኝ። "ሌሊት ሌሊትማ ታብሳለች።"

ከላይ የተንጠለጠለውንም መብራት አሳየኝ። ኤሊ ከውሃ ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ያስፈልጋታል። አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ መብራትም ያስፈልጋታል፤ ያለዚያ ካልሲየሙን ሰውነቷ አይጠቀምበትም፣ ቅርፊቷም ይልፈሰፈሳል። የመብራቱ ተንኮል ደግሞ ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ማለቁ ነው። ብዙዎቹ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መቀየር አለባቸው። የጎረቤቴ ሦስት ዓመቱ ነው። "ይኸው ይበራል አይደል?" አለኝ። ይበራል። ምን ልበል?

ገንዳው ጭራሽ አልችል ሲል ሁለተኛው ምዕራፍ ተከፈተ። ስልክ።

"ወንድሜ፣ አንተ እኮ እንስሳ ትወዳለህ።"

ይህች ዓረፍተ ነገር ስትመጣ ስልኩን ዝጉ። እኔ አልዘጋሁም፤ እምቢ ለማለት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከእኔ በኋላ ወደ መካነ አራዊት ደወለ። አንቀበልም አሉት። የእንስሳት መጠለያ ሞከረ። ሞልቷል፣ የሞላውም በእሷው ዓይነት ነው አሉት። ተናደደ። "ለእንስሳ የሚያዝን ሰው ጠፋ!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይሄን ያህል ዓመት በ20 ሊትር ያዘነላት እሱ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ጓሮው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ያለው ዘመዱ ለሙከራ ወሰዳት። ለዓሦቹ ጓደኛ ትሆናለች ተብሎ። ዓሦቹ ተቆጥረው ተሰጧት፣ ሳይቆጠሩ አለቁ። በሳምንቱ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ስለ ፈሪዎቹ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ወኔ ቢስ ሰዎች አሉ። ኤሊያቸው ስታድግባቸው ትልቅ የፕላስቲክ የውሃ ገንዳ ገዝተው ያዘዋውሯታል፤ መስታወት መሆን የለበትም እኮ ይላሉ። ጠንካራ ማጣሪያ ይገጥማሉ። ሴት ከሆነች አሸዋ ያዘጋጁላታል፤ ወንድ አጠገቧ ባይኖርም እንቁላል ልትይዝ ስለምትችል፣ የምትቆፍርበት ካጣችም ውስጧ ቀርቶ ሊገድላት ስለሚችል። ማሳደግ ካቃታቸው ወራት ሙሉ ሰው ያፈላልጋሉ። የተቀባዩን ገንዳ ሄደው ያያሉ። ከዚያ ውሃ በሌለበት ሳጥን፣ እርጥብ ፎጣ አንጥፈው፣ መብራቱንና ማጣሪያውን ጨምረው ያስረክባሉ። ምን ዓይነት አሰልቺ ሕይወት ነው? አንድም ቪዲዮ አይወጣውም።

የጎረቤቴ ግን ወጣው። እኔም አይቼዋለሁ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ሙዚቃ አለ። ባልዲው ያዘነብላል፣ ኤሊዋ ጠብ ትላለች። "ሂጂ፣ ነፃ ነሽ!" ይላል፣ ድምፁ ተሰብሮ። ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ። እኔም ልብ አደረግኩ፤ ጎረቤት ነው።

የዚህች ኤሊ የትውልድ ቦታ አሜሪካ፣ የሚሲሲፒ ወንዝና አካባቢው ነው። ጀግኖቻችን ግን በየዓለሙ ውሃ ነፃ ስላወጧት ዛሬ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ትገኛለች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 100 የከፉ ወራሪ ዝርያዎች ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አስገብቷታል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳትገባ ከለከለ። ፀሐይ የሚሞቁበትን ግንድ ከአገሬው ኤሊዎች ትነጥቃለች፣ ምግባቸውን ትሻማለች፣ በሽታ ልታመጣባቸው ትችላለች ነው ክሱ። ይህ የሚሆነው በሕይወት ከተረፈች ነው። ብርዱ ከከፋ ወይም አዳኝ ካገኛት ክሱም አብሮ ይዘጋል። ጀግናው በሁለቱም በኩል ከደሙ ንጹሕ ነው። ቪዲዮው 40 ሰከንድ ብቻ ነዋ።

የቪዲዮውን መጨረሻ ግን ደጋግሜ አየሁት። ኤሊዋ ወደ መሀል አልሄደችም። ትንሽ ቀዘፈችና ዞረች። እዚህ ለመዞር ወደ ኋላ ማለት አላስፈለጋትም። ከዚያ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ዳር፣ ወደ ጎረቤቴ መጣች። ሰው ሲያዩ ምግብ መጣ ማለት ነው ለእነሱ። "አየህ፣ ልትሰናበተኝ ነው የተመለሰችው" አለኝ ቪዲዮውን ሲያሳየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በማግስቱ ገንዳውን አጥቦ በረንዳ ላይ አሰጣው። ዘንባባዋን ለማስታወሻ ለእኔ ሰጠኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። በገንዳዋ ልክ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።