ተራራው ወደ ከተማ ሲገባ ሂሳቡም አብሮ ይገባል

የከተማ ምክር ቤቶች ኮረብታ ላይ ያለ መሬት ወደ ክልላቸው ለማስገባት ሲሰበሰቡ አንድ የተለመደ አነጋገር አለ። «ዛሬ የምንወስነው ስለ ወሰን ብቻ ነው» ይባላል። ቤቶቹ ስንት ይሆናሉ? በኋላ ይታያል። መንገዱ በየት በኩል ይወጣል? እሱም በኋላ። የአፈር ጥናቱም ይደርሳል። ለጊዜው መስመሩን ትንሽ ወዲያ ገፋ ማድረግ ነው። መሽቷል፣ አጀንዳው ገና አላለቀም፣ እጅ ይወጣል።

እኔ ግን ከጠቅላላው ሂደት ትልቁ ውሳኔ ይኸው ነው ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው የዝርዝር ጉዳይ ነው። የቤቱ ከፍታ፣ የአጥሩ ዓይነት፣ የሚተከለው ዛፍ። በዚያች ምሽት ግን ከተማው «ይህ ተዳፋት የእኔ ነው» ብሎ ይፈርማል። መንገዱን፣ ቱቦውን፣ የድጋፍ ግንቡን፣ ጎርፉን፣ እሳቱን ሁሉ ይረከባል። መልሶ ከክልል ማውጣት በሕግ ይቻል ይሆናል። ሰው ቤት ሠርቶ ከገባበት በኋላ ግን ማን ይሞክረዋል?

እስቲ ከአልሚው ወንበር ሆነን እንየው። ከከተማው ክልል ውጭ ያለ ተዳፋት አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መስመር የለውም፣ የፍሳሽ መስመርም የለውም፣ ብዙ ቤት የመሥራት መብትም የለውም። ዋጋውም እንደዚያው ዝቅ ያለ ነው። ምክር ቤቱ ባጸደቀ ማግስት አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ይህን ዋጋ የፈጠረው ከተማው ነው። ስለዚህ ከዚያች ዕለት በፊት ከተማው ብዙ መጠየቅ ይችላል። በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። አልሚው ተበድሯል፣ ዲዛይን አሠርቷል፣ ጠበቃ ይዟል። «ያስገባችሁን ቤት እንድንሠራ አይደለም ወይ?» ይላል። እውነት ለመናገር፣ ጥያቄው ያስኬዳል።

በካሊፎርኒያ የምትገኘው ፓሎ አልቶ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ከከተማዋ በላይ ያሉትን ኮረብቶች ቀድማ ወደ ክልሏ አስገብታ ነበር። ከዚያ በኋላ አማካሪ ቀጥራ አስጠናች። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ጥናት ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ኮረብቶቹ ላይ ቤት እንዲሠራ ፈቅዶ መንገድና ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ፖሊስ ከማቅረብ ይልቅ፣ መሬቱን ከተማዋ ራሷ ብትገዛው ይረክሳል አለ። በ1972 ምክር ቤቱ ቦታውን ለክፍት መሬት መደበው። በ10 ኤከር (4 ሄክታር ገደማ) አንድ ቤት ብቻ ማለት ነው። ሰፊ መሬት ይዞ ለመገንባት የተዘጋጀ አንድ ኩባንያ ከሰሰ። በ1975 የፌዴራል ፍርድ ቤት በከተማዋ ላይ ፈረደ። በመጨረሻ ነገሩ በስምምነት ተዘጋና ፓሎ አልቶ ከ500 ኤከር በላይ መሬት በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛች። ዛሬ ቦታው ሕዝብ የሚንሸራሸርበት ጥብቅ ስፍራ ነው። መጨረሻው አማረ ማለት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጦ ነበር። ጥናቱ ቀድሞ ወሰኑ ቢከተል ኖሮ ይህ ሁሉ ሙግት ላይመጣ ይችል ነበር።

ፓሎ አልቶ የከፈለችው ገንዘብ ብቻ ነው። ከዚህ የከፋም አለ።

ከሎስ አንጀለስ ደቡብ ምዕራብ፣ ባሕር ዳር፣ ፖርቹጊዝ ቤንድ የሚባል ሰፈር አለ። መሬቱ ጥንት የተንሸራተተ መሆኑን የጂኦሎጂ ካርታዎች ከቤቶቹ ግንባታ በፊት አሳይተዋል። እንዲያም ሆኖ ተሠራበት። በ1956 ካውንቲው፣ ማለትም ከከተማ በላይ ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ከላይ በኩል መንገድ ለማስቀጠል ብዙ አፈር ሞላ። ተኝቶ የነበረው መሬት ተነሳ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ130 በላይ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹ ከሰሱና ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1965 ፍርድ ቤቱ ካውንቲው ይክፈል አለ። ልብ በሉ፣ ካውንቲው ቸልተኛ ነበር ተብሎ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የሠራው ሥራ የሰው ንብረት ካጠፋ ኪሳራውን ጥቂት ባለቤቶች ብቻ መሸከም የለባቸውም ተብሎ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ዛሬ ቦታውን የሚያስተዳድረው ራንቾ ፓሎስ ቨርዴስ የሚባል ከተማ ነው። ይህ ከተማ የተመሠረተው በ1973 ነው። አፈሩን አልሞላም፣ ፈቃድም አልሰጠም፤ መንሸራተቱ ሲጀምር ጭራሽ አልነበረም። ወሰኑ ውስጥ ስለገባ ብቻ ተዳፋቱን ወረሰ። በየጊዜው የሚሰነጠቀውን መንገድ ሲጠግን ኖረ። ከባድ ዝናብ ከጣለባቸው ክረምቶች በኋላ በ2024 መሬቱ በጣም ፈጠነ፤ ለብዙ ቤቶች ጋዝና መብራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ቤቶችን ከባለቤቶቻቸው ገዝቶ ለማንሳት 42 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። «ወሰን ብቻ» ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ተዳፋት ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር መረዳት ከባድ አይደለም። ቤት የሚቀመጠው ደልዳላ ላይ ነው። ኮረብታ ላይ ደልዳላ ስለሌለ ይፈጠራል። ከላይ በኩል ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አፈር ወደ ታች ይሞላል። ቆረጣው ከላይ ያለውን መሬት ድጋፍ ያሳጣዋል። ሙሌቱ ከታች ያለውን ይጫነዋል። ከዚያ ውሃ ይጨመራል። የጓሮ አትክልት ይጠጣል፣ ሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የጓሮ ጉድጓድ) ያሰርጋል፣ ቱቦ ያፈሳል። ውሃው አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም ግፊቱ ቅንጣቶቹን ለያይቶ ይዘታቸውን ያላላዋል። አንድ ቀን በቃኝ ይላል።

ያ ቀን ደግሞ ቶሎ አይመጣም። በኒውዚላንድ ዱኒዲን አጠገብ አቦትስፎርድ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 አንድ ሙሉ ተዳፋት ተንሸራቶ 69 ቤቶች ጠፉ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ካነሳቸው ምክንያቶች ሁለቱ፣ ከሥር የነበረው የአሸዋ ቁፋሮና ከላይ የሚያፈስ የውሃ ቱቦ ነበሩ። ቁፋሮው ከቆመ አስር ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የአልሚ ዋስትና በብዙ ቦታ የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ተዳፋቱ በአስር ዓመቱ ሲመጣ አልሚው ሂሳቡን ዘግቶ፣ አንዳንዴም ኩባንያውን አፍርሶ ሄዷል።

እንግዲያው ኮረብታ ላይ ፈጽሞ አይሠራ ማለቴ ነው? አይደለም። ሎስ አንጀለስ በ1952 የቆረጣና ሙሌት ደንብ አወጣች። በ1963 ደግሞ አጠበቀችው፤ የጂኦሎጂና የአፈር ባለሙያ ቁጥጥር የግድ ሆነ። በ1969 ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደንቡ ተፈተነ። ከ1952 በፊት ከተሠሩት የተዳፋት ቦታዎች ከመቶ 10 ያህሉ ተጎዱ። በሁለቱ ደንቦች መካከል ከተሠሩት ከመቶ አንድ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ከ1963 በኋላ ከተሠሩት ደግሞ ከሺህ ሁለት እንኳ አልሞሉም። ከተማው ያው፣ ኮረብታው ያው፣ ዝናቡ ያው። ሆንግ ኮንግም በሰኔ 1972 በአንድ ቀን በሁለት ናዳ 138 ሰው ካጣች በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዘችው። በ1977 ተዳፋትን ብቻ የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቋመች።

ስለዚህ ደንብ ይሠራል። ግን መሬቱን ከመቀበል በፊት እንጂ ከተቀበሉ በኋላ በልመና አይደለም።

የታችኞቹን ሰፈሮች ነገር ማንም አያነሳውም። ድሮ ዝናብ ሲጥል ሳሩና አፈሩ የተወሰነውን ይጠጡት ነበር። ጣሪያና አስፋልት አይጠጣም። ውሃው ቶሎ ይሰበሰባል፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የታችኛው ሰፈር ቱቦ ደግሞ ለድሮው ጎርፍ የተለካ ነው። የስብሰባ ጥሪ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው ጋር ለሚዋሰኑት ነው። ጎርፉ የሚደርስባቸው በወሬ ይሰማሉ።

እሳት ደግሞ ከውሃ በተቃራኒ ሽቅብ ይሮጣል። የእሳት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የግምት ስሌት አለ፤ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በጥቅምት 1991 በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብቶች ሲቃጠሉ 25 ሰው ሞተ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤቶች ወደሙ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሲሸሹ ጠባብና ጠምዛዛ መንገድ ላይ ነበር የቀሩት። መኪና ከላይ ይወርዳል፣ የእሳት አደጋ መኪና ከታች ይወጣል፣ መንገዱ ግን አንድ ነው። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ቆመ፣ ከላይ ያሉት ማጠራቀሚያዎችም ደረቁ። ለዚህ ነው ሁለተኛ መውጫ የሌለው ፕሮጀክት ሲቀርብ ምክር ቤቱ ፋይሉን መመለስ ያለበት። «መሬቱ አይፈቅድም» ከተባለ ሰፈሩንም አይፈቅድም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አልሚው መንገዱን በራሴ ወጪ እሠራለሁ ሲል ነፃ ስጦታ ይመስላል። ሠርቶ የሚያስረክበው ግን ወጪን ነው። ውሃን 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ አንድ ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። 100 ሜትር ሽቅብ ከሆነ ፓምፕ፣ ማጠራቀሚያ፣ የግፊት መቀነሻ፣ በየቀኑ የሚበላ ኤሌክትሪክ አለ። መንገዱ ጠምዛዛ ስለሆነ ለአንድ ቤት የሚደርሰው አስፋልትና ቱቦ ከሜዳው ይበዛል። ብዙ ቦታ ደግሞ ቤት የሚቆመው በአንድ ጎን ብቻ ነው። የድጋፍ ግንቡ ከኋላው ያለው ማፋሰሻ ከተደፈነ ውሃ ይይዛል፣ ይገፋል፣ ያብጣል። ማነው በየዓመቱ የሚያጸዳው? የግንቡ ባለቤትስ ማነው? የቤቱ ባለቤት፣ የነዋሪዎች ማኅበር ወይስ ከተማው? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የጸደቀ ፕሮጀክት ላይ መልሱ ዞሮ ዞሮ ከተማው ነው።

ከወዲያ ወገን ያለውን ጠንካራ ክርክር ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። «እኛ እምቢ ብንል መሬቱ ባዶ አይቀርም። ከክልላችን ውጭ ያለው አስተዳደር በላላ ደንብ ይፈቅዳል። ቤቶቹ በሴፕቲክ ታንክ ይሠራሉ፣ ጎርፉ ወደኛ ይወርዳል፣ ግብሩ ግን ለነሱ ይሆናል። አስገብተን ብንቆጣጠረው አይሻልም?» ይህ አባባል እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። እውነት ከሆነ ግን ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ሰነድ መቆጣጠሩን ማሳየት አለበት። መሬቱ በምን ደረጃ ተመድቦ እንደሚገባ፣ ከስንት ዲግሪ በላይ ያለው ተዳፋት እንደማይነካ፣ ከፍተኛው የቤት ቁጥር ስንት እንደሆነ በዚያው ውሳኔ ላይ ይጻፍ። «እንቆጣጠረዋለን» ተብሎ ባዶ ገጽ ከተፈረመበት ቁጥጥሩ የታል?

ሌላም አለ። ፕሮጀክቱን ለማስቆም ከሚጮሁት ውስጥ ቀድመው ኮረብታው ላይ የሠሩ አይጠፉም። በረንዳቸው ላይ ቡና ይዘው አዲስ ጣሪያ ማየት ስለማይፈልጉ ነው በድንገት ጂኦሎጂስት የሆኑት። የቤት እጥረት እውነተኛ ነው፣ ቤት የሌለው ሰው ደግሞ ስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ይህን አልክድም። ግን ተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት በቆረጣውና በግንቡ ምክንያት ይወደዳል፤ ሲሸጥም ለእይታው ሌላ ይጨመርበታል። «የቤት ችግርን ለመቅረፍ» ተብሎ የሚቀርብ የኮረብታ ፕሮጀክት ዋጋው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው። መንገድና ቱቦ ባለበት መሀል ከተማ ያሉት ባዶ ቦታዎችስ ለምን ቀሩ?

እኔ የምክር ቤት አባል ብሆን ከአልሚው ጋር ያልተዋዋለ፣ ከተማው ራሱ የመረጠው የአፈርና የጂኦሎጂ ባለሙያ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ እጄን አላወጣም ነበር። ክፍያው ከአልሚው ይሁን፣ ተጠሪነቱ ግን ለከተማው። የሃምሳ ዓመት የጥገና ሂሳብ እጠይቃለሁ፤ የአምስት ዓመቱ ሁሌም ያምራል። የታችኞቹ ሰፈሮች በስም ተጠርተው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከእያንዳንዱ ቤት ሽያጭ ላይ ተቀንሶ ማንም በማይነካው ሂሳብ ይቀመጥ። ዋስትናው ደግሞ በዓመት ቁጥር ብቻ አይለካ፤ ቢያንስ አንድ ከባድ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ አይለቀቅ።

አልሚው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንዲህማ ከሆነ አያዋጣኝም» ሊል ይችላል። ይበል። እሱን የማያዋጣው ፕሮጀክት ከተማውን የሚያዋጣበትን ስሌት ያኔ ያቅርብና እንየው።