ኳስ አልጠየቅናችሁም፣ መንገዱን ዝጉልን

ባለፈው ሳምንት በወረዳችን አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው «የወጣቶች ስፖርት» ይባል እንጂ መድረኩን የያዙት የስፖርት ሰዎች ሳይሆኑ ፖሊሶች ነበሩ። የጠሩን ወስነው ከጨረሱ በኋላ ነው። ከትምህርት መልስ ልጆቻችንን ሰብስቦ ኳስ የሚያጫውተው፣ ማልያ የሚያድለው፣ ቡድን የሚያቋቁመው ከእንግዲህ የአካባቢው ፖሊስ ነው ተባልን። ልጅ ያለው ወላጅ ቅጽ ይሙላ ተባለ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ማይኩን ተቀብለው፣ ሥራ ፈት ልጅ የወንጀል ጥሬ ዕቃ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ጥሬ ዕቃ መሆኑን እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም።

ቅጹን ቤት ወስጄ አነበብኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር። እስከዚህ ደህና። ቀጥሎ የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ፣ ልጁ አብሯቸው የሚውላቸው ጓደኞች ስም፣ «ከዚህ በፊት የፈጸመው ጥፋት ካለ» ይላል። አጥቂ ይሁን ተከላካይ፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለም። አስም አለበት ወይ የሚልም የለም። ጾታው ደግሞ አስቀድሞ ታትሞ መጥቷል፦ ወንድ። ነገሩ ስፖርት ከሆነ ሴቶቹ ልጆቻችን የት ሄዱ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እነሱ ለማንም ስለማያሰጉ ኳስ አያስፈልጋቸውም።

እኛ ልጆች ሆነን ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ተራ ነበረው። አሁን ሌባ ሆኖ የሮጠው ቀጥሎ ፖሊስ ሆኖ ያባርራል። ሁልጊዜ እኔ ብቻ ፖሊስ ልሁን የሚል ልጅ ከመጣ ጨዋታው ይፈርሳል፣ ሁሉም ተኮራርፎ ወደየቤቱ ይገባል። አሁን የመጣልን ጨዋታ ተራ የለውም።

«ስም መመዝገብ ምን ያስፈራል?» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ዕድሜያቸውን መጠየቅ ያምረኛል። አዋጅ ቁጥር 384/1996ን፣ ያንን የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ፣ የረሳ የአዲስ አበባ ወላጅ አለ? በዚያ አዋጅ የተጠረጠረ ሰው ዋስ ጠርቶ መውጣት አይችልም ነበር። «ቦዘኔ» ከእናቶች ቁጣ ወጥቶ ክስ ላይ የሚጻፍ ቃል የሆነው ያኔ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በየሰፈሩ ወጣት ሲታፈስ የት ሰፈር የማን ልጅ ሥራ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር፣ የነበረ ያውቀዋል። ዛሬ «ቦዘኔ» ቀርቶ «ሥራ ፈት» ሆኗል። ዕድሜውም ወርዶ 13 ደርሷል። ደግሞስ የ13 ዓመት ልጅ ሥራ ፈት የሚባለው ምን ሥራ እንዲሠራ ተፈልጎ ነው?

የኃላፊው ትልቁ ማስረጃ መሐመድ አሊ ነበር። አዎ፣ ቦክሰኛው። ቦክስ ያስጀመረው ፖሊስ ነው አሉን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ታሪኩን የሰማ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም ብለው ይሆናል። በፈረንጆቹ 1954 ሉዊቪል በምትባል ከተማ፣ ያኔ ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ብስክሌቱ ይሰረቅበታል። ፖሊስ ፍለጋ ሲሄድ ጆ ማርቲን የሚባል ሰው ያገኛል፤ ፖሊስ ነው፣ ከሥራው ውጪ ባለው ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ቦክስ ያሠለጥናል። ልጁ ሌባውን ካገኘሁት እደበድበዋለሁ እያለ ሲፎክር፣ እንግዲያው መጀመሪያ መደባደቡን ተማር ይለዋል። ታሪኩ ይኸው ነው። ልጁ የሄደው ተበዳይ ሆኖ ነው! ንብረቱ ተሰርቆበት፣ አቤት ሊል። የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ያስሞላው የለም። የእኔ የእህት ልጅ ዓምና ስልኩን በሞተር ነጥቀውት ወደ አንድ ጣቢያ ሄዶ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቀው «አንተስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ተብሎ ነው። ከዚህ ጣቢያ መሐመድ አሊ አይወጣም።

ሌላው ተሰብሳቢ አበበ ቢቂላን አነሣ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሮም ላይ በ1952 በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ጎልማሳ፣ ደመወዝተኛ። ኦሜድላም የፖሊስ ክለብ ነው፤ አትሌት ቀጥሮ ማሠልጠን አንድ ነገር ነው፣ ከ7ኛ ክፍል የተመለሰን ሕፃን ለጣቢያ ማስረከብ ሌላ። ይህንን መለየት ያቃተው ሰው ስለ ስፖርት ባይናገር ይሻላል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ነው። ይህ ሥራ አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉ ኃላፊው። ልክ ናቸው። እንዴት እንደተጀመረ ቢነግሩን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። በፈረንጆቹ 1914 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ስደተኛው በተፋፈገባቸው ሰፈሮች ልጆች መጫወቻ አጥተው መንገድ ለመንገድ ይራወጡ ነበር፤ ጋሪውም መኪናውም ይገጫቸዋል። የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር አርተር ዉድስ መኮንኖቹን ባዶ ቦታ እንዲፈልጉ አሰማራ። ከዚያም ፖሊስ መንገድ መዝጋት ጀመረ። የተመረጡ መንገዶች በተወሰነ ሰዓት ለተሽከርካሪ ዝግ ሆነው ለልጆች ተለቀቁ። ዛሬ የፖሊስ አትሌቲክ ሊግ የሚባለው የበቀለው ከዚያ ነው። ልብ በሉ፦ ፖሊስ የጀመረው በፖሊስ ሥራ ነው። መኪና አስቁሞ መንገድ መዝጋት አሠልጣኝም፣ መምህርም፣ እኔም የማንችለው፣ ሕግ ለእሱ ብቻ የሰጠው ሥራ ነው።

የእኛ ልጆች የጎደላቸውም ይኸው ቦታ ነው። ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው አይከራከረኝም። በብሎኮቹ መካከል ለልጆች ይሆናል የተባለው ክፍት ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆቹ በቆሙ መኪኖች መካከል፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው፣ በካልሲ ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ አንድ መስታወት ስትነካ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ይነሣል። ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰው ሜዳ አለ፤ በሰዓት የሚከፈልበት ነው፣ ከሥራ የወጣ ጎልማሳ ገንዘብ አዋጥቶ ይይዘዋል። ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገላን ጉራ የገባው ልጅ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖለታል፤ የሰፈሩን ሜዳ የጫነለት የለም። የትምህርት ቤቱስ ግቢ? ሜዳ አለው፣ የስፖርት መምህርም አለው። ትምህርት ሲያልቅ ግን በሩ በሰንሰለት ይቆለፋል። እሱን ሰንሰለት ማን እንዳዘዘ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወላጅ ደግሞ ከመገናኛ ወይ ከሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ተላቆ ቤቱ እስኪደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ያልፋል። ልጁ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብቻውን ነው። በዚህ ላይ ከፖሊስ ጋር ጠብ የለኝም፤ ሰዓቱ ክፍት መሆኑን እነሱም አይተዋል። ያዩት ግን የተራበ ሰው ቤት ገብቶ ቢላዋውን እንደሚቆጥር ሰው ነው።

መንገድ መዝጋት አይቻልም የሚለኝ ደግሞ አይጠፋም። በዚህ ከተማ? ፖሊስ መንገድ ሲዘጋ ሳናይ ያሳለፍነው ወር አለ? እንግዳ ሲመጣ ይዘጋል። የአፍሪካ ኅብረት ሲሰበሰብ ይዘጋል። ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ለታላቁ ሩጫ ይዘጋል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በወሩ መጨረሻ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ተዘግተው ልጆች አስፋልት ላይ ሲንከባለሉ አይተናል፤ ሰማይ አልተደፋም። እኛ የምንለው ቦሌ መንገድን አይደለም። በሁለት ብሎኮች መካከል ያለች፣ ከሚኒባስና ከውኃ ቦቴ በቀር የሚያልፍባት የሌለች ኮብልስቶን ናት። ለሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ ፖሊስ ጫፏ ላይ ይቁም፣ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ። ጀርባውን ለልጆቹ ይስጥ። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ የኛዎቹ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው፣ እስክሪብቶ ይዘው መቆም ነው ያማራቸው።

ደግ ፖሊስ የለም አላልኩም። ሁለት ክረምት ያህል እሑድ ጠዋት ቱታ ለብሶ እየመጣ ለልጆቹ በረኛ የሚቆምላቸው አንድ ሰው ነበር። ፖሊስ መሆኑን ልጆቹ ያወቁት ከወራት በኋላ፣ አስፋልት ላይ የደንብ ልብሱን ለብሶ ሲያዩት ነው። «ጋሼ!» እያሉ መንገድ ሊሻገሩ ሮጡ፤ እሱም መኪና አስቁሞ አሻገራቸው። ስማቸውን በሙሉ ያውቃል፣ አንዱንም ጽፎት አያውቅም። ፕሮግራምም፣ በጀትም፣ ባነርም አልነበረውም። ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ አዛወሩት፤ በእሱ ምትክ የመጣልን ቅጹ ነው።

ቅጹን አልሞላሁም፤ በፎቁ ደረጃ ላይ ሳወራ ሌሎች አራት ወላጆችም አልሞሉም። ማልያ ያልተሰጠው ልጅ አይጫወትም ከተባለ በካኒቴራ ይጫወታል። ወረዳው አሁንም ከልቡ ከሆነ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12፣ ያቺን ኮብልስቶን። የመንገድ መዝጊያ ገመድ የለንም እንዳይሉን፤ በየበረንዳችን የልብስ ማስጫ ሞልቷል፣ ፈትተን እናመጣለን።