ለቅሶ ያልደረሰውን ይቅር በሉት

(ይህ ቃል በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሳምንት የተጻፈ ነው።)

ክርስቲያን ወገኖቼ፣ ኮሮና አገራችን መግባቱ ከታወቀ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ድፍን ዓመት ሞላው። በዚያው ዕለት ክትባት መስጠት ተጀመረ። በዘወረደ፣ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሰንበት፣ የገባው 2.2 ሚሊዮን ክትባት ግን ከመቶ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚዳረስ ሒሳቡ አይጠፋችሁም። ገና ነን። በሽታው እየበረታ ነው፣ እኛ ደግሞ ታክተናል። በመታከታችን ማንም አይወቅሰንም፤ ታክተን ያመጣነው ጠባይ ግን ያስወቅሰናል።

አምና በየሱቁ በር ውኃና ሳሙና ይዘው የማያውቁትን መንገደኛ «ታጠብ ወንድሜ» የሚሉ ወጣቶች ነበሩ። ኪራይ የተዉ አከራዮች ነበሩ። ማዕድ ማጋራት ተብሎ ዱቄትና ዘይት ከየቤቱ ይወጣ ነበር። (ያኔም ንጹሓን አልነበርንም፤ የውጭ አገር ሰው ባየን ቁጥር «ኮሮና» ብለን የጮኽን፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንን የሸሸን እኛው ነን።) ዛሬ በየበሩ የቀረው በርሜል ደርቋል፣ አንደበታችንም እንዲሁ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ጎራ ለይተን እንተያያለን። ማስክ ያላደረገው ያደረገውን «እምነት የለህም» ይለዋል። አስም ወይም ስኳር ያለበት፣ ቤቱ የተኛች እናት የሚያስታምም ሰው እንደሆነ በምን አወቅህ? እምነት ባይኖረውማ ቤቱ በቀረ ነበር። አንተስ ማስክ ያደረግኸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የጠመጠሙትን እናት ከሰው መሀል ለምን ትቆጣቸዋለህ? ከኪስህ አንድ ትርፍ ማስክ አውጥተህ «እንኩ እማማ» ብትላቸው ይቀበሉሃል፤ መርቀውህም ይሄዳሉ። ጥንቃቄ ይቅር እያልሁ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ማስኩን አድርጉ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ፤ ስድቡን ግን ተዉት።

ከሁሉ የከፋው የለቅሶ ቂም ነው። አምና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን ሳትጥሉ የቀበራችሁ ብዙ ናችሁ። እናት ሞታ ሳልስቷ በወጉ አልዋለም፤ ጎረቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ያለው በስልክ ነው። ሰው ብቻውን አያለቅስም በሚባልበት አገር ብቻችሁን አልቅሳችኋል፣ ይህን የሚያቃልልባችሁ ሰው ካለ አላዋቂ ነው። ነገር ግን ያ ሐዘን ሲከርም ቂም ሆነ። «እናቴን ሳይቀብር» ብላችሁ የአንድ ግቢ ሰው ሰላምታ የነሣችሁ አላችሁ። ለመሆኑ ያን ዕለት ምን ይዞት እንደነበር ጠይቃችሁታል? ምናልባት እሱም ያስለው ነበር፤ እናንተን እንዳያሲዝ ብሎ ቀርቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ምንም ምክንያት አልነበረውም፣ ፈርቶ ብቻ ነው። ይቅርታ የሚያስፈልገው ይኸው የፈራው ነው፤ በቂ ምክንያት ያለውማ ይቅርታ ምን ያደርግለታል?

እናንተም ያልደረሳችሁት አትኩሩ። ለለቅሶው «ኮሮና ነው» ብላችሁ ቀርታችሁ ለሠርጉ ግን ከነቤተሰባችሁ ስትታደሙ ሐዘንተኛው አይቷል። ይህን ቢቆጥርባችሁ ምን ይገርማል?

ይህ ሳምንት የዐቢይ ጾም አራተኛው፣ የመጻጉዕ ነው። 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «አዎን» እንኳ አላለም። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ ስመጣ ሌላው ይቀድመኛል እያለ ሮሮውን ጀመረ። የታከተ ሰው እንዲህ ነው፤ ሌላ ሲጠይቁት ሌላ ይመልሳል፣ ይነጫነጫል። ጌታም መጀመሪያ አመልህን አስተካክል ሳይለው «ተነሣ፣ አልጋህን ተሸከምና ሂድ» አለው። «ደግመህ አትበድል» ያለው ከዳነ በኋላ ነው። ሰባኪዎቻችን ይህን ቅደም ተከተል ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ታክሲ ውስጥ የሚነጫነጨውን ረዳት፣ ካርድ ክፍል የምትቆጣውን ልጅ በዚሁ ዓይን እዩ። የኮሮና ሕሙማን በታከሙበት በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ወይም በሚሌኒየም አዳራሽ ያን የሚያፍን ልብስ ለብሳ ወራት የሠራች ነርስ ድምፅዋ ቢሻክርባችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ስንት ሰው ሲሞት አይታ እንደሚሆን አስቡ። ጾም ከያዛችሁ ጥሉላቱን ብቻ ሳይሆን ምላሻችሁንም ጹሙ።

የእድር ዳኞች፣ በአምናው የአዋጅ ወራት ቀብር በመቅረት የተጻፈ ቅጣት መዝገባችሁ ላይ ካለ ሰርዙት፤ በስብሰባም ተናገሩት፣ ሰው ይስማ። የንስሐ አባቶችና መጋቢዎች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከእናንተ የተሰወረ አይደለምና ሆሳዕና ሳይደርስ አስታርቁ። ለቅሶ ያልደረሳችሁ፣ ለአምናው ሐዘን ዘንድሮ መሄድ ነውር የለበትም። ማስካችሁን አድርጋችሁ ሂዱ፣ በረንዳ ላይ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ የሟችን ስም አንሡ። ባለ ሐዘኖችም ሰው ሲመጣላችሁ ወንበር አቅርቡ እንጂ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» አትበሉ።