የድሮ ሞተር ይቀላል ያለው ማነው?

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አማተር (ለፍቅሩ ብቻ የሚወዳደር) ሆኖ በአሮጌ ሞተርሳይክል ስለተወዳደረበት ቅዳሜና እሁድ የጻፈው ደስ ይላል፣ ግን "ፍጥነቱ ስለማያስፈራ ለጀማሪ ይሻላል" ያላት ነገር አልተዋጠችልኝም። እዚህ ባህርዳር ሞተር እጠግናለሁ፣ የነዛ የድሮ ሞተሮች ፍሬን እኮ አብዛኛው ዲስክ አይደለም ታምቡር ነው፣ ማለትም ሸራው (የፍሬን ልባሱ) ከውስጥ ሆኖ ጎማው መሀል ያለውን ከበሮ እየገፋ ነው የሚይዘው፣ ሸራው ሲግል መያዝ ይተዋል፣ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሰው ጭኖ የወረደ ያውቀዋል። የእንግሊዞቹ ደግሞ ብዙዎቹ ማርሻቸው በቀኝ እግር ፍሬናቸው በግራ ነው፣ ስለዚህ ዘመናዊ የለመደ ሰው ደንግጦ ፍሬን ልያዝ ሲል ማርሽ ይረግጣል። ኖርተን ማንክስ የሚባለው የእንግሊዝ የውድድር ሞተር ጭራሽ የእግር ማስነሻ የለውም፣ ገፍተህ እየሮጥክ ነው የምታስነሳው፣ በኔ ዕድሜ አይሞከርም ሃሃ።

አማተር ማለት ቀላል ማለት አይደለም ወንድሜ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መሀል ባለችው አይል ኦፍ ማን ደሴት ላይ ያለው የማንክስ ግራንድ ፕሪ የሞተር ውድድር በ1923 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ለአማተሮች ተብሎ ነው፣ ግን አንዱ ዙር ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህ ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ በለው፣ ያውም በመንደርና በግንብ አጥር መሀል።

እንዲህ ያለ ውድድር እኛ ጋ ይዘጋጅ የምትሉ ልጆች ደግሞ ጣና ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናችንን አትርሱ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ባህር ጠለል ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይሆናል፣ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ያለው ብሎን) ቀዳዳው በሚያንስ መቀየር አለበት።

ለማንኛውም ጸሐፊው ለታምቡሩ ምን አይነት ሸራ እንዳስገጠመ ቢነግረን ደስ ይለኛል፣ እሱን ዘሎታል።