ልጁ ስንት ኦክስጅን እየሳበ ነበር?

ባለፈው ክረምት ከቆላድባ የመጣ አባት ፒያሳ አገኘኝ። በብብቱ ትልቅ ፖስታ ይዟል፤ በሌላው እጁ የ4 ዓመት ልጁን። "ዶክተር" ብሎ ጠራኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ሰመመን ሰጪ ነኝ። "የማጅራት ገትር ጥርጣሬ አለ አሉኝ። ከጀርባው ውሃ ይቀዳ ብለዋል። ሽባ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ" አለኝ።

ልጁ ኤምአርአይ የተነሳው አልፎ አልፎ ስለሚያንቀጠቅጠው ነው። ትኩሳት የለውም። እዚያው ቆመን ቆሎዬን ጨረሰብኝ። ሪፖርቱ በአንጎል እጥፋቶች መሃል ያለው ውሃ ነጥቷል ይላል። ልጁ በሰመመን ተኝቶ እንደነበር ግን የትም አልተጻፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሌር የሚባለው የኤምአርአይ ምስል የአንጎልን ውሃ አጥቁሮ እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ውሃው ከነጣ መግል ወይም ደም ይጠረጠራል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይነቃነቅም ማለት ዘበት ነው፤ ስለዚህ እናስተኛዋለን። ስናስተኛው ኦክስጅን እንሰጣለን፣ አንዳንዴ 100 በመቶ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ብቻ ነው ያለው። ትርፉ ኦክስጅን ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ኦክስጅን በትንሹም ቢሆን የማግኔት ጠባይ ስላለው ውሃው መጥቆሩን ትቶ ይነጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ ጥፋተኛ ተብሎ የተጠረጠረው ፕሮፖፎል የሚባለው የማስተኛ መድኃኒት ነበር። ምስኪን! በኋላ ዋናው ምክንያት ኦክስጅኑ ሆኖ ተገኘ። ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ንጣቱ ይቀንሳል።

"ይህንማ ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) ያውቀዋል" የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ያውቀዋል። ግን ሲዲው ብቻ ሌላ ከተማ ሲደርሰው ልጁ መተኛቱን በምን ይወቅ? የእኛ ወረቀት ካርዱ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል።

ነጭ ባየን ቁጥር "ኦክስጅን ነው" ብለን እንለፍ እያልኩ አይደለም። ልጁ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለው ውሃው ይቀዳ፤ በአግባቡ ሲቀዳ ሽባ አያደርግም። ለጥሩ ምስል ሲባልም የሚያስፈልገው ኦክስጅን አይቀነስበትም። የምስሉ አንባቢ ዓይንም የሚይዘው ፍንጭ አለ፦ የኦክስጅኑ ንጣት ብዙ ጊዜ በእጥፋቶቹና በአንጎል ሥር ነው፤ መሃል ባሉት ክፍተቶች ያለው ውሃ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል።

ልጁን የሚያክመው ሐኪም ምስሉን ላነበበው ሰው ደወለ። መልሱ አጭር ነበር፦ "እንዴ፣ ተኝቶ ነው የተነሳው?"

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስንት ልጅ አስተኝቼ ለአንባቢው አንድ መስመር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። አሁን መጠየቂያው ወረቀት ጥግ ላይ በእስክሪብቶ እጭራለሁ፦ "ሰመመን፣ ፕሮፖፎል፣ ኦክስጅን 30 በመቶ።" አሥር ሰከንድም አይፈጅ።