የፍሊንትን ውሃ አውቀን የበሬሳን ዝም አልን

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ የዓለሙን ጉድ በማወቅ ማን ይችለናል! የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ አባት ሬዲዮኑን ከጆሮው ሳይለይ አምሽቷል። ዛሬም የሩቅ አገር ባለሥልጣን እንዴት እንደተጋለጠ በዝርዝር የሚተርክ ከየጠላ ቤቱ አይጠፋም። ማዳመጣችሁን አልነቅፍም። የምወቅሳችሁ ጋዜጠኛው የራሳችሁን ደጅ ሲያንኳኳ አፋችሁን ስለምትይዙ ነው።

የአሜሪካዋን የፍሊንት ከተማ ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከፍሊንት ወንዝ እንዲቀዳ ተደረገ። ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ስላልተጨመረበት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከአሮጌው ቧንቧ እየታጠበ በየቤቱ ገባ። ሹማምንቱ ውሃው ደኅና ነው አሉ። ሊአን ዋልተርስ የተባለች እናት ግን የቤቷን ውሃ አስመረመረች፤ እርምጃ የሚያስወስደው የእርሳስ መጠን ከቢሊዮን እጅ 15 እጅ ሲሆን የእርሷ 104 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ከ250 የሚበልጡ ቤተሰቦች ከየቧንቧቸው በጠርሙስ እየቀዱ ለቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ። የሚቺጋን የሕዝብ ሬዲዮም ጉዳዩን እግር በእግር ተከታትሎ በ2015 መጨረሻ ዘጋቢ ዝግጅት አድርጎ አሰማው። ውሃው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ ቀድሞው ምንጭ፣ ወደ ዲትሮይት ከተማ ውሃ፣ ተመልሶ ነበር። ጠርሙሱን የቀዳ ሰው ባይኖር ጋዜጠኛው ምን ይዞ ይቀርብ ነበር?

የእኛው የበሬሳ ወንዝ ደብረ ብርሃንን ታክኮ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። የከተማ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚገባበት ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ ሽታውን ግን ከእነርሱ በፊት እናንተ ታውቁት ነበር። ከብቱን የሚያጠጣው ያውቃል፤ በመስኖው አትክልት የሚያለማው ያውቃል። ማይክሮፎን ሲቀርብለት ግን «እኔ ምን አውቄ» ይላል። ያው ሰው ማታ በስልኩ የተላከለትን ባለቤት የሌለው ወሬ ለሃምሳ ሰው ሲያስተላልፍ አይፈራም!

ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ጊዜው ክፉ ነው። ሆኖም ለፍርሃት መላ የነበራቸው ሰዎች ልጆች ነን። በአውጫጭኝ አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን ሳያወጣ አይበተንም ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ስሙ እንዳይወጣ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ይመሰክር ነበር። (ሥርዓቱ ንጹሐንን ያጉላላም እንደነበር አልክድም።) ደህና ጋዜጠኛም ምስጢር ይጠብቃል፤ ስሜ አይነገር፣ ድምፄ ይቀየር በሉት፤ ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት።

ወረቀት ለሚሹም መንገድ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እስቲ ከመካከላችሁ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ይሰጠኝ ብሎ በጽሑፍ ያመለከተ ማን ነው? ካልሰጡ እንኳ የመከልከላቸው ደብዳቤ ራሱ ለጋዜጠኛው ዝግጅት ማስረጃ ይሆናል። እስከዚያው የውሃው ቀለም የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ የታመመ ከብት ካለ የእንስሳት ሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ።